ሰሞኑን ያነበብኳቸው ልብ ወለዶች፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም፤ ሃያሲም አይደለሁም። አዘዞ ነው የምኖረው። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ማታ ማታ ለአያቴ ልብ ወለድ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ፣ ቢሮም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲያገኘኝ፣ ያው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል። እየደጋገምኩ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የመጽሐፍ መጨረሻ ሲነገረው የሚናደድ ሰው ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያልኩትን ይዝለለው። ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ቢናገርም።

ለምን ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ? ለራስሽ አይሻልም?

የአያቴ ዓይን ስለደከመ ነው፤ እምየ ነው የምላት። ድሮ ዳዊት ትደግም ነበር፤ አሁን ፊደሉ ይደበዝዝባታል። ጆሮዋ ግን ጤና ነው፤ የጎረቤት ሹክሹክታ ከአጥር ወዲያ አያመልጣትም። ነገሩ የጀመረው ከነሐሴ 2015 በኋላ ነው። ዳታ ተዘጋ። ማታ መውጣትም ቀረ። ቴሌቪዥኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ድርግም ይላል። ቤት ውስጥ የነበሩት ጥቂት አሮጌ መጻሕፍት ብቻ ናቸው፤ እሱኑ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ማንበብ ስጀምር እምየ «እስቲ እኔም ልስማው» አለች፣ በዚያው ቀረን። ዳታው ከወራት በኋላ ተመለሰ። ንባቡ ግን አልቆመም።

ጮክ ብሎ ማንበብ ፍርዴን ለውጦታል። ዓይን ይዘላል። ረጅሙን ስብከት፣ ሁለት ገጽ የፈጀውን የፀሐይ መጥለቅ፣ የጀግናውን የልጅነት ትዝታ እየዘለለ ወደ ወሬው ይሮጣል። አፍ ግን መዝለል አይችልም። የተንዛዛው ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ያሳጥራል። ውሸታም ምልልስ ደግሞ ያሳፍራል፤ ምክንያቱም አጠገቤ የተቀመጠችው አሮጊት «እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው የት አለ?» ትላለች። ስለዚህ መጻሕፍትን የምለየው ጮክ ተብለው የሚነበቡና የማይነበቡ ብዬ ነው። መመዘኛዬ ልክ ነው ብዬ ከማንም አልከራከርም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገና አሁን ነው ያነበብሽው?

ሙሉውን፣ አዎ። ትምህርት ቤት ቅንጫቢውን አንብበናል፣ ስለ ጉዱ ካሳ የፈተና ጥያቄ መልሰናል፣ ከዚያ ሁላችንም ያነበብነው ይመስለናል። እንደኔ ያለው ብዙ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያወጡት በ1958 ነው። ለንደን አምባሳደር ሆነው ኖረዋል፤ ታሪኩ ግን ቁጭ ብድግ የሚለው ጎጃም፣ ማንኩሳ ላይ ነው። መጀመሪያው በጣም ቀስ ይላል። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ብቻቸውን አንድ መጽሐፍ ይወጣቸዋል። ለብቻዬ ባነበው ኖሮ እዚያ ጋ እተወው ነበር። እምየ ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ግን እሱን ክፍል ነው። ልጁን በስለት ለቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት ስትሰማ «እንግዲህ ይህ ልጅ አያገባም፤ ስለት አይፈርስም» አለች። ገና ሰብለ ወንጌል ብቅ ሳትል!

እኔ በትምህርት ቤት የገባኝ ሌላ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው በዘር የሚመጥናት ባል ጠፋ እያሉ ሴቲቱን አስረጇት፣ ድሃው የቆሎ ተማሪ ደግሞ አይመጥንም ተባለ፣ ስለዚህ መጽሐፉ ስለ መደብ ነው፣ አለቀ። አስተማሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። እምየ ዘንድ ግን ፊታውራሪው ዋናው እንቅፋት አይደሉም። ቢፈቅዱስ ኖሮ? ልጁ የተሳለ ነው። ይህን ካለችኝ በኋላ በዛብህ ሰብለን ባየ ቁጥር ለምን እንደሚሸማቀቅ ሌላ ምክንያት ታየኝ። ድህነቱን ብቻ አይደለም የሚፈራው። ይህን ትርጓሜ ሌላ ሰው ጽፎት ሊሆን ይችላል፣ እኔ የሰማሁት ግን መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ከምትፈትል ሴት ነው።

ፊታውራሪው ገበሬዎቻቸውን ሊቀጡ ዘምተው በነአበጀ በለው ሲማረኩ እምየ እስኪያስላት ሳቀች። ጉዱ ካሳን አልወደደችውም። «እውነቱን ነው፣ ግን አፉ አያርፍም» ነው ያለችው። እኔ እወደዋለሁ፣ ንግግሮቹ ሲረዝሙ ግን ውኃ እየጠጣሁ ነው የጨረስኳቸው።

መጨረሻው? ለእኔ በዛብኝ። በዛብህ መንገድ ላይ ወንበዴ ደርሶበት መሞቱ፣ ከዚያ እሱ፣ ሰብለና ጉዱ ካሳ ሦስቱም በአንድ መቃብር መጋደማቸው፣ ርዕሱን ለማሟላት ሲባል የተገደሉ አስመሰላቸው። እምየ አልተስማማችም። ስለት ነው አለች፣ አሁንም።

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ አንብቦልን የለ? አንቺ ምን አደከመሽ?

እውነት ነው፤ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው ትረካ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ይገኛል፤ እንደሱ የሚያነብ ሰውም አላውቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ይሰጠዋል። እምየን አሰማኋት። ወደደችው። ግን ቶሎ ሰለቻት፤ ምክንያቱን ስጠይቃት «እሱን አቁም ብሎ መጠየቅ አይቻልም» አለችኝ። እኔን በየገጹ ነው የምታስቆመኝ።

«ኦሮማይ» ለአያት ይነበባል እንዴ?

ይህን የሚጠይቁኝ አንብበውታል ማለት ነው። አዎ፣ ይነበባል፤ አንዳንድ ቦታ ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ።

በዓሉ ግርማ ከሁሉም ፈጣን ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል፣ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች፣ እሱ እዚያ በፊያሜታ ፍቅር ይወድቃል። ምልልሱ እንደ ሰው ወሬ ነው። አፌ ላይ አንዴም አልተሰናከለም። እምየ ከፖለቲካው ይልቅ የሮማን ነገር ነበር ያንገበገባት። በየምሽቱ ከመጀመሬ በፊት «ለዚያች ልጅ ደወለላት?» ትላለች። ስለ ናቅፋ ጦርነት፣ ስለ ባለሥልጣናቱ ስብሰባ ሳነብላት ዝም ትላለች። የዘመተባት ልጅ ያላት እናት ዝም ስትል መቀጠል ይከብዳል፣ ስለዚህ እነዚያን ምዕራፎች በቀን፣ ሰው ባለበት ነው የጨረስናቸው።

መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ታሪኩም መጽሐፉን ራሱን እየጋረደው ነው። ሰው ስለ ደራሲው መጥፋት አንድ ሰዓት ያወራል፣ ስለ ልብ ወለዱ ግን «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ የምለው፣ መጽሐፉ ያለ ታሪኩም ጥሩ ነው። ጸጋዬ ጥሩ ሰው አይደለም፤ የዘመቻው አፍ ነው፤ እያየ ዝም የሚል፣ ሲመቸው የሚፈላሰፍ። ደራሲው አልሸፈነለትም።

ከዚያ በኋላ «ከአድማስ ባሻገር»ን ሞከርን። አበራ ሥዕል ልሣል አልሣል እያለ ሲያመነታ እምየ ትዕግሥቷ አለቀ። «ወይ ይሣል ወይ ይተው!» እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ቢሮ ተቀምጦ ሌላ ሕይወት የሚመኝ ሰው ካላችሁ ስጡት።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተጻፉትን ጎንደር ላይ ሆኖ ማንበብ እንዴት ነው?

ያስቸግራል። ለሌላው አገር ሰው ቴዎድሮስ ጀግና ነው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን የሠዋ። ለኛም ጀግና ነው፤ ሐውልቱ ፒያሳ ላይ ቆሟል፤ ሰው «ቴዎድሮስ ጋ እንገናኝ» ብሎ ነው የሚቀጣጠረው። ግን ያው ሰው በ1859 ይህንኑ ከተማ አቃጥሏል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፏል። ከዚህ የወሰዳቸው መጻሕፍት መቅደላ ደረሱ፣ ከመቅደላ ደግሞ እንግሊዝ ወሰዳቸው። ልብ ወለድ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል የሚለው ነው የሚያጓጓኝ።

ብርሃኑ ዘሪሁን ትውልዱ ጎንደር ነው፣ ጋዜጠኛ ነበር፣ አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል። «የቴዎድሮስ እንባ»ን እና «የታንጉት ምስጢር»ን በተከታታይ አነበብን። አጻጻፉ የጋዜጠኛ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቶሎ ወደ ጉዳዩ። ጮክ ብሎ ለማንበብ ከሁሉም የሚቀል እሱ ነው፤ ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» ደግሞ እሳት አለው፣ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ቴዎድሮስን ሲያወድስ ሳላውቀው እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጎረቤት የሰማን ጊዜ አለ።

እምየ ሁለቱንም እየሰማች የራሷን ትጨምራለች። የቴዎድሮስን ቃጠሎና ደርቡሽ በ1880 ያደረሰውን ቃጠሎ አንድ ላይ ትቀላቅላቸዋለች፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች ያዳኑትም ከሁለቱ በየትኛው እንደሆነ እንደ ቀኑ ስሜቷ ይለያያል። ላርማት ሞክሬ ነበር። «መጽሐፍሽን አንብቢ» አለችኝ።

ጎንደርን ጎንደር አድርጎ የሚያሳይ ልብ ወለድ አለ?

የነገሥታቱን ጎንደር ማለታችሁ ካልሆነ፣ እኔ ያነበብኳቸው ላይ ብዙም አላገኘሁም። በቅርብ ዓመታት የወጡት ውስጥ ከተማችን ስትመጣ ፋሲል ግቢና የጥምቀት በዓል ናት። ጀግናው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ጎሃ ሆቴል ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያያል፣ ይተክዛል፣ አንዲት ቆንጆ ይተዋወቃል፣ ይመለሳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠዋ ሴት የለችም። ማራኪ ግቢ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ልጅ የለም። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ ተጣብቆ የሚመላለሰው ሠራተኛ የለም። ጥንት ያለበት ከተማ ይህ ዕዳ አለበት፤ ደራሲ ሁሉ ግንቡን ብቻ ያያል። እዚህ የሚኖር ሰው ግን ግንቡን የሚያስበው እንግዳ ሲመጣበት ነው።

አዳም ረታ ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው?

ለብቻ ለሚያነብ፣ የሚባለውን ያህል አይከብድም። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ለራሴ ነው ያነበብኩት፤ ቀስ ብዬ፣ አንዳንዱን ገጽ እየመለስኩ። የሽታ፣ የምግብ፣ የሰፈር ዝርዝር ላይ እንደሱ የሚጽፍ የለም። ወጡ ሲቁላላ ታያለህ።

ጮክ ብሎ ግን አይሆንም። ታሪኩ ውስጥ ሌላ ታሪክ ይገባል፣ አንዳንድ ሥራው ላይ የግርጌ ማስታወሻው ራሱ ታሪክ ይሆናል። የግርጌ ማስታወሻን ለአሮጊት እንዴት ታነቢያለሽ? «አሁን ታች ነኝ፣ አሁን ደግሞ ላይ ወጣሁ» እያልኩ? ሞክረን ሁለታችንም ሳቅን። እንግዲህ መመዘኛዬ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፤ ጮክ ተብሎ የማይነበብ ግን በጣም ጥሩ መጽሐፍ ይኸው አለ። ችግር የለም፣ ይሰበር።

ከባድ ከሚባሉት የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ1962 የወጣ፣ ደብረ ሲና አካባቢ የሚካሄድ። በዓይን ሳየው ጭቅጭቅ የበዛበት፣ ማን እንደሚናገር የማይታወቅበት ነበር። በአፍ ሲነበብ ግን ሰዎቹ እርስ በርስ የሚሰዳደቡት፣ የሚተራረቡት ሁሉ ነፍስ ዘራ። እምየ የሸዋን አነጋገር እየተከተለች ትደግመው ነበር፣ እያሾፈች።

«ዴርቶጋዳ»ን ትንቂያለሽ አሉ?

ማን አለ? አልንቅም። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ሲያወጣው መጽሐፍ ይዘው የማያውቁ የክፍሌ ልጆች ሁሉ እየተቀባበሉ ያነቡት ነበር። የጣና ገዳማት፣ ስለላ፣ ሳይንስ፣ ሁሉም አንድ ላይ። አሁን ስደግመው ብዙው አልተዋጠልኝም፤ በዚያ ዕድሜዬ ግን ሌሊቱን አስነግቶኛል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ልግዛ ካላችሁኝ ዛሬም እሱን እላለሁ።

የትርጉም ልብ ወለድ ታነቢያለሽ?

ጥቂት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። ነቢይ መኮንን የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቼልን መጽሐፍ በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። ያን ሳስብ ወፍራምነቱን ማማረር አልችልም። እምየ ስካርሌትን መጀመሪያ «ባለጌ» አለቻት። ጦርነቱ አልፎ ልጅቷ ተርባ መሬቷን አልለቅም ስትል ግን ወገነችላት። አሜሪካ የት እንደሆነች ግድ አልነበራትም፤ ጦር ያለፈበት እርሻ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድስ ሞከርሽው?

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን፣ ብዙ ሰው «ጦቢያ» የሚለውን? አዎ። በ1900 ሮም የታተመ ነው፣ ሰውየው ደግሞ የዘጌ ልጅ፣ የጣና ሰው። አጭር ነው። ልጅቷ ወንድ መስላ መንታ ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተትበት ጉዞ ተረት ተረት ይላል፤ እምየም እንደ ተረት ነው የሰማችው፣ ምንም አላስገረማትም። ቋንቋው ሀብታም ነው። የዘመኑን ልብ ወለድ የለመደ ሰው ግን ሰዎቹ ሁሉ ወይ ፍጹም ደግ ወይ ፍጹም ክፉ ናቸው ብሎ ያማርራል።

ጀምረሽ የተውሽው የለም?

ሞልቷል። ስማቸውን አልጠራም፤ ደራሲዎቹ በሕይወት ያሉ፣ ያውም በገዛ ገንዘባቸው የሚያሳትሙ ናቸው። የምተውበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ። ገጸ ባሕርይ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲያወራ እተዋለሁ፤ ሊስትሮውም፣ ፕሮፌሰሩም፣ ገበሬዋም ፈላስፋ ሲሆኑ። ደራሲው በየአንቀጹ ምሳሌያዊ አነጋገር ሲደረድር እተዋለሁ። ምሳሌ እኮ በቦታው ሲመጣ ነው የሚጥም፤ እምየ ራሷ «ይህ ሰው ከሽማግሌ ጉባኤ ነው የመጣው?» ያለችበት መጽሐፍ አለ። የፊደል ግድፈትም አለ፤ አርታኢ ያላየው መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ በየመስመሩ ያደናቅፋል። ጀርባው ላይ ግን የሦስት ሰው ሙገሳ ታትሟል።

ጎንደር ውስጥ መጽሐፍ ከየት ታገኛለሽ?

ፒያሳ አካባቢ ካሉ መደብሮችና ከአዟሪዎች። አዟሪዎቹ ያላቸው በአብዛኛው የሚሸጠው ነው፦ ሥነ ልቦና፣ ትርጉም፣ የፖለቲካ ሰው ማስታወሻ። የቆየ ልብ ወለድ ስትፈልጉ ስም ነግራችሁ ስልክ ትታችሁ መሄድ ነው፣ ከመጣ ይደውላሉ። መንገድ ሲዘጋ ምንም አይመጣም። ዋጋው ደግሞ በየጊዜው ነው የሚንረው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ካለኝ ከቡናና ከሳሙና ይልቅ መጽሐፍ ነው የማዘው።

ፒዲኤፍ? ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ እንደምታነቡትም አውቃለሁ። በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ እንደዚያ ማንበብ ደስ አይለኝም። ከገበያ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ግን አልፈርድም።

ታውሽኛለሽ?

ለሚመልስ ሰው። ስም ዝርዝር አለኝ።

ቀጥሎ ምን ልታነቡ ነው?

የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል»ን፣ ከወሎው ረሃብ ጀምሮ ወደ አብዮቱ የሚገባውን። ሦስት መጽሐፍ ነው፦ ዋዜማ፣ መባቻ፣ ማግስት። ዋዜማውና ማግስቱ እጄ ላይ አሉ፣ መባቻው ጠፋኝ። እምየ ደግሞ መሃሉን ሳትሰማ መጨረሻውን አትሰማም። መባቻው ያለው ሰው አዘዞ ድረስ መምጣት አይጠበቅበትም፣ እኔ ፒያሳ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ በላስቲክ ሸፍኜም እመልሰዋለሁ።